ባለ ወይኗ ሽጉጥና እኔ

ባለፈው ሳምንት ቀሚሴን ላስጠብብ ነስሩ ዘንድ ሄጄ ነበር። ነስሩ ወልቂጤ መናኸሪያ አጠገብ ልብስ የሚሰፋ ልጅ ነው። ልጅ ስለው የራሱ ልጆች እንኳ ትምህርት ጨርሰዋል፤ ግን አባቱን በጉብዝናው ዘመን ስለማውቀው ለእኔ ምንጊዜም ልጅ ነው። እኔ ከዓመት ዓመት እየሟሸሽኩ ቀሚሶቼ እንዳሉ ስለቀሩ ሁሉም የሰው ልብስ የተዋስኩ ያስመስሉኛል። እሱ ክር ሲያስገባ እኔ ደጃፉ ላይ ዱካ ስቤ ተቀምጬ የባጃጅ ነጂዎቹ ሲሰዳደቡ እሰማለሁ። ትንሽ ቆየና ያችን አፈ ረጅም የዘይት ጣሳ አንስቶ የስፌት መኪናው አንገት ላይ ጠብ ጠብ ሲያደርግ ሽታው መጣ። ለሌላ ሰው የስፌት መኪና ዘይት ያው የስፌት መኪና ዘይት ነው። እኔ ግን አፍንጫዬ ላይ ሲደርስ ወልቂጤም ነስሩም ጠፉብኝ፤ ቡታጅራ አባቴ ቤት ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ የዶሮ ላባ በጣቶቼ ይዣለሁ።

"ጋሽ ደገሙም እኮ ከዚሁ ነው የሚወስዱት" አለኝ ነስሩ፣ ሳልጠይቀው።

"ምኑን?"

"ዘይቱን ነዋ። በየጊዜው ትንሽ ብልቃጥ ይዘው ይመጣሉ። ለበር ማጠፊያ ነው ይሉኛል።"

ደገሙ ባሌ ነው። የቤታችን በሮች ደግሞ ከነጓዳው ሁሉም ያለቅሳሉ፤ የመኝታ ቤቱማ ሲከፈት ጎረቤት ይሰማዋል። ዘይት የቀመሰ በር በቤታችን የለም። ለነስሩ ግን "አዎ፣ ለበር ነው" አልኩት። ባልን በሰው ፊት ማሳጣት ደግ አይደለም፤ ቤት ገብቶ ነው እንጂ። ከዚያ ቀሚሴን በላስቲክ አንጠልጥዬ ወደ ቤት ስሄድ እግሬ በወልቂጤ መንገድ፣ ልቤ በቡታጅራ ነበር። ዘይት የሚፈልግ ዕቃ ከቤታችን ከወጣ ዘመን አልፎታል። ያ ዕቃ ደግሞ እኔን የዳረኝ ዕቃ ነው። ከሽጉጥ ጋር ተዳርኩ ብል የዛሬ ልጆች ይስቃሉ፤ እኔ ግን ይህንኑ ነገር በሆዴ ይዤ ነው ያረጀሁት።

አባቴ ግራዝማች ተክሌ ይባላል። የመንዝ ሰው ነው፤ በዳኝነት ተሹሞ ቡታጅራ መጣና ጡረታ ሲወጣም አገሩ አልተመለሰም፣ እዚያው ቤት ሠራ። ያን ጊዜ ቡታጅራ ማለት አንድ ረጅም አቧራማ መንገድ ከግራና ከቀኝ ቆርቆሮ ቤት የተደረደረበት፣ ከጀርባው ዘቢዳር ተራራ ጉም ለብሶ የቆመበት ከተማ ነበር። በገበያ ቀን የማረቆ በርበሬ በየምንጣፉ ሲዘረገፍ መንገዱ ሁሉ ይቀላል፤ እንግዳ ሰው እያስነጠሰ ነው ከአውቶቡስ የሚወርደው። ሻይ በአምስት ሳንቲም፣ ብስኩት በአስር ሳንቲም፤ ስሙኒ የያዘ ጎረምሳ ጓደኛውን ጋብዞ ጫማውን አስጠርጎ በቀሪው ይኮራል። ነጭ ቴትሮን ሸሚዝ የለበሰ ከሆነ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፣ ካኪ ኮት የደረበ ከሆነ ሽማግሌ ነው፣ እግሩ ሥር ሰፊ የሆነ ሱሪ ያጠለቀ ከሆነ ደግሞ ከአዲስ አበባ የመጣ ተማሪ ነው። ከሆቴሉ ሬዲዮ ሳክስፎን ሲያለቅስ እኛ ልጃገረዶች ውኃ የምንቀዳ መስለን በዚያ በኩል እናልፋለን። ዘፈኑን ለመስማት ነው እንል ነበር፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ሌሎች ጡረተኞች ከብት ያረባሉ፣ አባቴ የድሮ ሽጉጥ ይሰበስባል። ሊተኩስበት አይደለም። አብዛኞቹ ቃታቸው የሞተ፣ ጥይታቸው ከዓለም የጠፋ ነበሩ። የሚፈልገው ቅርጻቸውን ነው። አንዱ ባሩድ በአፉ የሚጎርስ፣ መዶሻው የእባብ ራስ የሆነ ነበር። አንዷ እጀታዋ የዝሆን ጥርስ ሆኖ ጎኗ ላይ አበባ የተነቀሰባት፣ ሴት በመቀነቷ ልትይዛት የምትችል ሚጢጢ ነበረች። ከሽጉጥም ሌላ ትልልቅ ሰዎች ለባለሟሎቻቸው የሸለሟቸው ዕቃዎች ነበሩት፤ ብር የለበሰ የጎራዴ አፎት፣ ክዳኑ ላይ የተሸላሚው ስም የተቀረጸበት የኪስ ሰዓት። አንዷን ሽጉጥ በበቅሎ ነው የለወጣት፤ እናቴ ስለዚያች በቅሎ እስክትሞት ድረስ ይቅር አላለችውም። ሁሉም በጽድ ሳጥን ውስጥ በየጨርቃቸው ተጠቅልለው ይቀመጣሉ። እሑድ ከምሳ በኋላ ይወጣሉ፤ እኔ ከእናቴ የስፌት መኪና ዘይት ቀድቼ በዶሮ ላባ እጠርጋቸዋለሁ። ጨርቅ ላዩን ነው የሚያብሰው፣ ላባ ግን ቅርጹ ውስጥ ይገባል። ይህን ያስተማረኝ አባቴ ነው፤ እኔም ከወጥ በፊት የተማርኩት ሙያ ይኸው ነው።

አባቴ ዕቃ ሲመጣለት እንደ ችሎት አድርጎ ሦስት ነገር ይጠይቃል። ማን ሰጠ? ለማን ሰጠ? ስለ ምን ሰጠ? ባለቤቱ እነዚህን ከመለሰ ዕቃው ሳጥን ይገባል። ካልመለሰ ወርቅ ቢሆንም "ልጄ፣ ታሪክ የሌለው ሽጉጥ ብረት ነው፤ ለማረሻ አድርገው" ብሎ ይሸኘዋል። ስንቱ ሰው ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ መጥቶ ማረሻ ተመክሮ ተመልሷል። ዛሬ ዕቃ ሲገዛ ማን ይህን ይጠይቃል? የእኔ የልጅ ልጅ ስልኳን ማን እንደሸጠላት እንኳ አታስታውስም።

ከሁሉም የምትበልጠው ባለ ወይኗ ነበረች። እጀታዋ ብር ነው፤ ከእጀታዋ ሥር የወይን ሐረግ ይነሳና በቃታዋ ዙሪያ ተጠማዝዞ እስከ አፈሙዟ ይዘልቃል፣ የወይኑ ፍሬ ጤፍ ታክላለች። መንታ አላት። በድሮ ዘመን ሁለት የአገሩ ሰዎች በድንበር ተጣልተው ደም ሊፋሰሱ ሲሉ ታረቁና፣ የአገሩ ገዥ ደስ ብሎት ከአንድ ሣጥን የወጡትን ሁለት ሽጉጦች አንዳንድ ሸለማቸው። የአንዱ ሐረግ ወደ ቀኝ ይዞራል፣ የአንዱ ወደ ግራ። የቀኟን የአንደኛው ታራቂ የመጨረሻ ዘር፣ ልጅ ያልወለዱ አዛውንት፣ ለአባቴ ሰጡት። የግራዋ ደግሞ ሐጂ ሸምሱ ቤት ነበረች። ሐጂ ሸምሱ የመስቃን ሰው ናቸው፤ ቡታጅራ ላይ አቡጀዲና ሻሽ ይነግዳሉ፣ የሌላኛው ታራቂ የልጅ ልጅ ናቸው፣ የአባቴም የልብ ወዳጅ ናቸው። በገበያ ቀን ሱቃቸውን ለልጃቸው ትተው እኛ ቤት ይመጣሉ። አባቴ የእሱን ባለ ወይን አውጥቶ ጉልበቱ ላይ ያደርግና "እህቷ ናፍቃታለች ሐጂ" ይላል። ሐጂም በቀስታ "ወላሂ ግራዝማች፣ የተሸለመ ዕቃ አይሸጥም፣ አይለወጥም። በእርቅ ገብታለች፤ ከቤቴ የምትወጣውም በእርቅ ወይ በደስታ ነው። እኔና እርስዎ ደግሞ አልተጣላንም፣ ምን ላድርግ?" ይሉታል። አባቴም "እንግዲህ ልንጣላ ነው" ይላል። ይህን ጨዋታ በየሳምንቱ እንደ አዲስ ይጫወቱታል፤ በየሳምንቱም ይስቃሉ።

ደገሙ የመጣው እንግዲህ በዚህ መሐል ነው። የእምድብር ልጅ ነው፤ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምሮ ድሬሰር ሆኖ ቡታጅራ ክሊኒክ ተመደበ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ፤ ነጭ ጋውኑን ሲያወልቅ እንኳ የመድኃኒት ሽታ የሚከተለው። መርፌው አያምም ይባል ስለነበር ከኮሶ በቀር መድኃኒት የማያውቁ አሮጊቶች ሳይታመሙ ሊወጉ ይሰለፉ ነበር። አንድ እሑድ እኔ ላባዬን ይዤ ተቀምጫለሁ፣ ይህ ሰው በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር በብብቱ አድርጎ ገባ። እጅ ነሳና "ግራዝማች፣ የድሮ ሽጉጥ ይወዳሉ ሲሉ ሰምቼ ነው" ብሎ ፈታው።

አባቴ መነጽሩን አድርጎ አገላበጠው። እኔም ከጎን አየሁት፤ ሳቄን ለመዋጥ ከንፈሬን ነከስኩ። አንዱ ቀጥቃጭ የሠራው ነው። ጎኑ ላይ የወይን ሐረግ ለማስመሰል በምስማር ተሞነጫጭሯል፤ ወይኑ ጎመን ይመስላል። አባቴ ሽቦ አንስቶ ባፈሙዙ ከተተ፤ ሽቦው አንድ ጣት ያህል ገባና ቆመ። አፈሙዙ ድፍን ነው።

"ማን ሰጠ?" አለ አባቴ፣ እንደ ወጉ።

"የወልቂጤ ሰው ነው።"

"ለማን ሰጠ?"

"ለእኔ።"

"ስለ ምን?"

ደገሙ ትንሽ አሰበና "ስለ አንድ በግ" አለ።

አባቴ እንዲያ ሲስቅ ከዚያ በፊት አላየሁትም። "ልጄ፣ በጓ ትሻል ነበር" አለው። ደገሙም ያን ጉዱን በጋዜጣው መልሶ ጠቅልሎ ኮቱ ውስጥ ከተተው፤ እኔ መንገድ ላይ ወንዝ ውስጥ ይጥለዋል ብዬ ነበር። አባቴ ግን ወደደው። ተታልሎ እንኳ ወይን ያለበትን መርጦ የሚገዛ ሰው ዓይኑ ክፉ አይደለም አለ። "እሑድ እሑድ ና፣ እውነተኛውን አሳይሃለሁ" አለው።

መጣ። የየትኛው እሑድ ዝናብ ነው የሚያግደው! ቡታጅራ በክረምት ጭቃዋ ጫማ ይበላል፤ እሱ ሱሪውን ሰብስቦ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ ይመጣ ነበር። አባቴ ያወጣል፣ ይተርካል፤ ደገሙ እጁን አጣምሮ ይሰማል። ዓይኑ ከሽጉጥ ላይ አይነሳም። እኔ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ፣ ጸጉሬን ተሠርቼ፣ ሰማያዊዋን የሽፎን ሻሼን አስሬ፣ ያቺኑ አፈሙዝ ለአሥረኛ ጊዜ እጠርጋለሁ፤ እሱ አፈሙዟን ያያል። ቀና ቢል ምናለበት እላለሁ በሆዴ። አንድ ቀን ሆን ብዬ ዘይት እጁ ላይ አፈሰስኩበት፤ "ይቅርታ" ብሎ እሱ ይቅርታ ጠየቀኝ። ወደድኩት እንግዲህ፣ ምን ላድርግ። ሽጉጥ የሚወድ ሰው ወደድኩ።

በዚያው ዓመት አጎቴ ከአዲስ አበባ ባል አገኘልኝ። የትልቅ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው፣ መኪና አለው፣ አገሩም የእኛው አገር ነው። ፎቶግራፉ መጣ፤ ባርኔጣ አድርጎ ወደ ጎን ያያል። ሽማግሌዎቹ መስቀል እንዳለፈ ይመጣሉ ተባለ። እናቴ ደስታ ሊገድላት ደረሰ። እኔ ደግሞ መስቀል ሲቃረብ እንቅልፍ አጣሁ። ደገሙ አንዲት ቃል ቢተነፍስ አባቴ እግር ሥር እወድቃለሁ፤ ካልተነፈሰ ግን እኔ ምን ብዬ ልጀምር? ሴት ልጅ "እሱን ነው የምፈልገው" ብላ፣ ሰውዬው የሚፈልገው ሽጉጥ ሆኖ ቢገኝ፣ ያቺ ከተማ እስከ ዛሬ ትስቅብኝ ነበር። ጭንቄ ይኸው ብቻ ነበር፤ የሚመጣው ለእኔ ነው ወይስ ለባለ ወይኗ?

የጉራጌ ልጅ የትም ይዋል የትም መስቀልን አገሩ ነው የሚውለው። ደገሙም ሊሄድ ሲሰናበት እኔ አጥሩ ሥር ጠበቅሁት። ቆጮው፣ ክትፎው፣ እናቱ፣ ሁሉም በፊቱ ላይ ይታያሉ።

"መልካም መስቀል" አልኩት። "ስትመለስ ግን ላታገኘኝ ትችላለህ።"

ጫማውን አየ። ከዚያ ምን አለኝ መሰላችሁ? "ባለ ወይኗስ? እሷም ትሄዳለች?"

እሳት ሆንኩ። "አባቴ ለልጄ ባል ነው ያስቀመጥኳት ብሏል። ስለዚህ አዎ፣ እሷም አዲስ አበባ ትገባለች፤ ከፈለግህ እዚያ ሄደህ ጎብኛት" አልኩት። ትቼው ገባሁ። ደጁን ስዘጋ ግን እንባዬ መጣ።

መስቀል አልፎ ሳምንት ሳይሞላ፣ ጧት ገና ቁርስ ሳይነሳ፣ ሦስት ሰዎች ግቢያችን ገቡ። ሐጂ ሸምሱ ከፊት ናቸው፣ ነጭ ጥምጣማቸውን አድርገዋል፤ ከኋላቸው አንድ የመስቃን ገበሬና የትምህርት ቤቱ ሽማግሌ መምህር አሉ። አባቴ ብድግ አለ። "ቁጭ በሉ እንጂ" ቢላቸው "ጉዳያችንን ቆመን ነው የምንናገር" አሉ። ይህ የታወቀ ነው፤ ቆሞ የሚናገር ሽማግሌ ልመና አለው። እናቴ በጨርቅ መጋረጃ የከለልነው ጓዳ ውስጥ እጄን ጨብጣ ያዘችኝ። የአዲስ አበቦቹ በሐጂ በኩል ላኩ እንዴ ብዬ ደነገጥኩ።

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ግራዝማች፣ የላከን ድሬሰር ደገሙ ነው።"

ሳላውቀው ወደ መጋረጃው ተጠጋሁ።

"የላከንም ስለ ባለ ወይኗ ሽጉጥ ነው። በገንዘብ እንደማይሆን ያውቃል። በእኛ ሽምግልና ይስጡኝ ብሏል።"

እናቴ እጄን ለቀቀችው። እኔ እዚያ ጓዳ ውስጥ፣ በበርበሬው ማሰሮና በቅቤው ቅል መካከል፣ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ለሽጉጥ ሽማግሌ የላከ ሰው በዚያ አገር ታይቶም ተሰምቶም አይታወቅ። ወዳጁን፣ ያውም ቆመው፣ እምቢ ማለት አባቴን ጨነቀው።

"ሐጂ፣ ራስዎ ያውቁታል" አለ በመጨረሻ። "ያቺ ሽጉጥ ከዚህ ቤት የምትወጣው ከልጄ ጋር ነው። ቃሌ ነው።"

ሐጂ ወደ ሁለቱ ሰዎች ዞር ብለው አዩ። ጥምጣማቸውን አስተካከሉ። "እንግዲያውስ ግራዝማች" አሉ፣ "ሁለቱንም አንድ ላይ ይስጡን።"

ከዚያ አባቴ ሳቅ ጀመረ፤ የበጓ ዕለት የሳቀውን ሳቅ። መምህሩም ሳቀ፣ ገበሬውም ሳቀ። አባቴ መጋረጃውን ገልጦ ወደ እኔ ገባ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ ከሳቁ ይሁን ከሌላ አላውቅም።

"ሰማሽ?"

"ሰማሁ።"

"ጉራጌ ነው፣ ያውም ካቶሊክ፣ መኪናም የለው" አለ። "እኔ ልጁን እወደዋለሁ። የአጎትሽን ነገር ለእኔ ተዪው። አንቺስ?"

"ሽጉጧ እሺ ካለች እኔ ምን ጥልቅ አደረገኝ" አልኩት። በንዴት ነው ያልኩት። ግን እሺ ነበር፤ አባቴም እሺ መሆኑን አላጣውም።

ሰርጉ ሁለት ዳስ ተጥሎበት፣ የክርስቲያን በሬ ለብቻ የእስላም በሬ ለብቻ ታርዶ፣ ከመስቃንም ከሙሽራው አገር ከቸሃም ሰው መጥቶ፣ ቡታጅራ ለብዙ ጊዜ ስታወራው ኖረች። አዳማቂዎቹም አልማሩኝም፤ "በሽጉጥ ላይ የተመረቀች ሙሽራ" ይሉኝ ነበር፣ ነጋዴ በኪሎው ላይ ጣል እንደሚያደርጋት ቁንጥር። ሐጂ ሸምሱ መጨረሻ ላይ ተነስተው በአረንጓዴ ሐር የተጠቀለለ ነገር አባቴ እጅ ላይ አኖሩ። ሐረጓ ወደ ግራ የዞረችው ናት። "በደስታ ትወጣለች ብዬ ነበር፤ ይኸው ወጣች" አሉ። አባቴ ሁለቱን ጎን ለጎን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከዚያ ሁለቱንም ለደገሙ ሰጠው። እኔ ከቬሎዬ ሥር ሙሽራውን አየሁት፤ ሽጉጦቹን ተቀብሎ ወዲያው ለሚዜው አሳለፋቸው። ያኔ አልገባኝም።

ደገሙ ወደ ወልቂጤ ተዛወረ፣ እኛም ተከተልን። ልጆች ወለድን። አባቴ ሲያርፍ የጽዱ ሳጥን ጠቅላላው ወደ እኛ መጣና አልጋ ሥር ገባ። አሁን ልብ በሉ፤ ያ እሑድን የማያልፍ ሰው፣ ያ ለሽጉጥ ሽማግሌ የላከ ሰው፣ ሳጥኑን አንድ ቀን ከፍቶት አያውቅም። የምጠርገው እኔ ነኝ፣ ዘይት የምገዛው እኔ ነኝ። "ምነው አታያቸውም?" ስለው "አንቺ ታይልኛለሽ" ይላል። ወጡ ጨው በዛበት ሲለኝ "ሽጉጥህን ብላ" እለዋለሁ። ዘግይቶ ሲመጣ "ባለ ወይኗ ትክፈትልህ" እለዋለሁ። ይስቃል። እኔም እስቃለሁ፤ ግን የሳቄ ሥር እሾህ ነበረችበት። ባሌ ጥሩ ባል ነው፣ እጁን አንስቶብኝ አያውቅም፣ ስታመም ከራስጌዬ አይነሳም። ቢሆንም አንዲት ሴት መጀመሪያ የተፈለገችው እሷ ትሁን ወይስ ሌላ ነገር፣ ማወቅ ትፈልጋለች። ማርጀት ይህን አያስረሳም።

ከዚያ ዘመኑ ተገለበጠ። መሣሪያ ያለው ሁሉ ያስረክብ ተባለ፤ አሮጌ ነው፣ አይተኩስም፣ የአባቴ ነው ማለት ለማንም አልሆነም። ደገሙ ሳጥኑን ተሸክሞ ሊያስረክብ ሲወጣ እያፏጨ ነበር። እኔ በነጠላዬ አፌን ይዤ አለቀስኩ። አባቴን ሁለተኛ የቀበርኩት መሰለኝ። ባሌ ባዶ እጁን ተመልሶ "ምሳ ደርሷል?" አለኝ። ያን ዕለት ይህን ሰው አላውቀውም አልኩ። ሐጂ ሸምሱም በዚያው ዓመት አለፉ፤ ልጠይቃቸው የሚገባኝን ሳልጠይቃቸው። ነፍሳቸውን ይማር፣ ደግ ሰው ነበሩ።

እንግዲህ ቀሚሴን ይዤ ከነስሩ ዘንድ ቤት ስገባ ደገሙ ግቢ ውስጥ አቮካዶው ጥላ ሥር ተቀምጦ ሬዲዮ ያዳምጣል። ጆሮው ስለደከመ ሬዲዮው ጭኑ ላይ ነው።

"የመኝታ ቤቱ በር ይጮኻል" አልኩት።

"ይጩኽ፣ ሌባ ይነግረናል።"

"ታዲያ ከነስሩ የምታመጣው ዘይት የየትኛው በር ነው?"

ሬዲዮውን ዘጋው። ዓይኔን አየና ወዲያው ጫማውን አየ፤ አጥሩ ሥር እንደቆመው ልጅ። ከዚያ ከዘራውን ተመርኩዞ ተነሳ፣ ገባ፤ በሩ ጮኸ። ሲወጣ ያንን የድሬሰርነቱን ቆዳ ቦርሳ ይዟል። ውስጡ ቁስል ማሰሪያ ጨርቅ ነው ብዬ ነክቼው አላውቅም። ጨርቁን ሲፈታ ጎመን የሚመስል ወይን ፀሐይ ላይ አብለጨለጨ። ድፍኑ ሽጉጥ ነው። የበጓ።

"ይሄን ወንዝ አልጣልከውም?"

"ለምን እጥለዋለሁ? ያኔ እንኳ ከሳጥኑ ጋር ወስጄው ነበር። ተረካቢው ልጅ በሽቦ ወጋ ወጋ አድርጎ 'ጋሼ፣ ይሄ ለመቆስቆሻ ነው' ብሎ መለሰልኝ፤ ኮቴ ውስጥ ደብቄው ተመለስኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ዕለት ደስ ብሎኝ አያውቅም።"

"እነዚያ የአባቴ ሲሄዱ እያፏጨህ፣ ለዚህ ቆሻሻ ደስ አለህ?"

"ጽጌ" አለኝ፣ "እኔ ሽጉጥ እፈራለሁ። ሽጉጥ የመታውን ሰው ሳክም ነው የኖርኩት። ሽጉጥ ምን ያደርግልኛል?"

ዱካውን ስቤ ተቀመጥኩ።

"ለሽጉጥ ሽማግሌ የላክህ አንተ አይደለህም?"

"የዳኛ ልጅ ስጡኝ ብዬ እምቢ ብባል አንቺም ስምሽ ይነሳል፣ እኔም ከተማውን ለቅቄ መሄዴ ነው። ሽጉጥ ጠይቄ እምቢ ብባል ግን ማን ምን ይላል? ሐጂ ዘንድ ሄድኩና አለቀስኩባቸው። 'ሽጉጧን ለልጄ ባል ነው ብለዋል' አልኳቸው፤ ያን ደግሞ አጥሩ ሥር የነገርሽኝ አንቺው ነሽ። ሐጂ ሳቁና 'እንግዲያው ሽጉጧን እንለምናለን፤ ግራዝማች ከልጄ ጋር ነው ይላሉ፤ የቀረውን ለእኔ ተወው' አሉኝ።"

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። ስንት ዘመን! ልስቅም ላለቅስም ፈለግሁ፤ መጨረሻ ላይ ሁለቱንም አደረግሁ።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"መጀመሪያ አባትሽን አፈርኩ፤ አታለለኝ እንዳይሉ። ኋላ ደግሞ" አለና ፈገግ አለ፣ "ስትቆጪ ታምሪያለሽ።"

ሽጉጡን ከእጁ ወሰድኩት። የአባቴ ነገር ምላሴ ላይ መጣ፤ "ማን ሰጠ?" አልኩት።

"የወልቂጤ ቀጥቃጭ።"

"ለማን?"

"ለእኔ።"

"ስለ ምን?"

"አንቺ ያለሽበት ቤት መግቢያ ስላልነበረኝ።"

ወደ ፀሐይ አቅርቤ አገላበጥኩት። ዕድሜ ልኩን ጠርጎት ሙያው ግን አልገባውም፤ ላዩ ያብለጨልጫል፣ የጎመኑ ቅርጽ ውስጥ ዝገቱ እንዳለ ነው። ተነስቼ ወደ ዶሮዎቹ ቆጥ ሄድኩና አንዲት ላባ አንስቼ ተመለስኩ። "በጨርቅ አይሆንም" አልኩት። "ዘይቱን አቀብለኝ፤ እንዴት እንደሚጠረግ ላሳይህ።"